ከዝዋይ እስከ ዶዶማ፦ የምሥራቅ አፍሪካ የወይን ማሳዎችን ለመጎብኘት የሚነሳ ሰው ምን ማወቅ አለበት?

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው፣ ብዙዎች ዛሬም ዝዋይ እያሉ በሚጠሯት በባቱ ከተማ አቅራቢያ ያልተለመደ አጥር አለ። አጥሩ ግንብ አይደለም፤ ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቦይ ነው። የተቆፈረውም ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገቡ ለመከላከል ነው። ከቦዩ ወዲያ በሽቦ ላይ ተዘርግቶ፣ መደዳውን ጠብቆ የቆመው ተክል ዝርያው ከፈረንሳይዋ ቦርዶ የመጣ ወይን ነው።

ይህን ማሳ ማየትና የምርቱን ጣዕም መሞከር ዛሬ ከአዲስ አበባ ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ እሁድ ማታ ለሚመለስ ሰው የሚቻል ነገር ሆኗል። ከአዲስ አበባ እስከ ሞጆ የአዳማው የፍጥነት መንገድ አለ፤ ከሞጆ በመቂ በኩል እስከ ባቱ ደግሞ በኋላ የተሠራው የሞጆ ሐዋሳ መንገድ ክፍል ይቀጥላል። ነገር ግን በአካባቢው የጸጥታ ሁኔታ አንዳንዴ ስለሚለዋወጥ፣ ከመነሳት አንድ ቀን በፊት ስለ መንገዱ መጠየቅ አይከፋም።

ወይን ጠጅን ተከትሎ የሚደረግ ጉዞ በሌላው ዓለም አዲስ አይደለም። በአህጉራችን ቀዳሚ የሆነችው የደቡብ አፍሪካዋ ስቴለንቦሽ የወይን ጎብኚዎችን መስመር ያቋቋመችው እ.አ.አ በ1971 ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ሐሳቡን ያገኙት ከፈረንሳይዋ ቡርገንዲ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ግን ነገሩ ገና በለጋነቱ ላይ ይገኛል። ስለዚህም ጎብኚው የሚያየው ለእንግዳ ተብሎ የተሸላለመ መንደር ሳይሆን በሥራ ላይ ያለ እርሻ ነው። ይህ እንደ ጉድለት ሊቆጠር ይችላል፤ ይህን ጽሑፍ ላዘጋጀው ሰው ግን ዋናው ውበቱ እዚህ ላይ ነው።

ወይን በወይና ደጋ

የወይን ተክል በዓለም ላይ በብዛት የሚለማው ከምድር ወገብ በስተሰሜንም ሆነ በስተደቡብ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ቀበቶ ውስጥ ነው። ባቱ ያለችው በ8 ዲግሪ አካባቢ ነው። የታንዛኒያዋ ዶዶማ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 6 ዲግሪ፣ የኬንያዋ ናይቫሻ ደግሞ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ርቀት ላይ ይገኛሉ። በመጽሐፍ ሕግ ብንሄድ በሦስቱም ቦታ ጥሩ ወይን መብቀል አልነበረበትም።

የሚያድናቸው ከፍታቸው ነው። ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሺህ ሜትር ሲወጣ ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል። የባቱ ሐይቅ ዳርቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ያህል ነው፤ ናይቫሻ ከዚያም በላይ፣ ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል። በእነዚህ ቦታዎች ቀኑ ሞቃት ሆኖ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። የቀኑ ፀሐይ ለፍሬው ስኳር ይሰጠዋል፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ደግሞ ጎምዛዛነቱን ይጠብቅለታል። ሁለቱ ካልተመጣጠኑ የሚጠመቀው መጠጥ ወይ ለዛ ቢስ ይሆናል ወይ ጥርስ ያጠርሳል።

እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው ፈገግ ሊል ይገባዋል። አባቶቻችን ከቆላ በላይ ከደጋ በታች ያለውን፣ በተለምዶ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር የሚደርሰውን ምድር የሰየሙት ወይና ደጋ ብለው ነው። ስሙ ወይን የሚበቅልበት ደጋ ማለት ነው። ባቱ በዚያ ልኬት ውስጥ ትወድቃለች።

ሌላው ችግር ክረምት የሚባለው ነገር ነው። በአውሮፓ የወይን ተክል በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ በጸደይ ይነቃል። ከምድር ወገብ አጠገብ ግን በረዶ ስለሌለ ተክሉ እንቅልፍ አያውቅም። ስለዚህ የቀን መቁጠሪያውን የሚያወጣው ገበሬው ራሱ ነው፤ መሣሪያው መቀስ ነው። ሐረጉ ሲገረዝ ተክሉ አዲስ ዑደት ይጀምራል፤ ከግረዛ እስከ ለቀማ ያሉት ወራት ብዛትም የሚታወቅ ስለሆነ፣ ገበሬው የሚገርዝበትን ቀን የሚመርጠው ፍሬው የሚበስልበትን ወቅት አስቦ ነው። ፍሬው በዝናብ ወቅት ከበሰለ ውሃ ያዝላል፤ ይሻግታልም። ማሳውን የሚያስጎበኝ ሰው ሲገኝ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ስለ መጠጡ ሳይሆን «መቼ ገረዛችሁ?» የሚለው ነው። መልሱ የዓመቱን ሥራ በሙሉ ይዘረግፈዋል።

ከቦርዶ የመጣው ችግኝ

በኢትዮጵያ ወይን ጠጅ አዲስ ነገር አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የንግድ መመሪያ፣ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ አክሱም ግዛት ከሚገቡ ሸቀጦች መካከል ከሶርያዋ ሎዶቅያና ከኢጣሊያ የሚመጣ ጥቂት ወይን ጠጅን ይጠቅሳል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ወይን እስከ ዛሬ ከተዘፈዘፈና ከተጨመቀ ዘቢብ ይዘጋጃል። ጥር 12 ቀን የሚከበረው የቃና ዘገሊላ በዓልም ውሃው ወደ ወይን ጠጅ የተለወጠበትን ሰርግ ያስባል።

በዘመናዊው ኢንዱስትሪ ግን ለረጅም ጊዜ ሜዳው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ብቻ ነበር። ከስድስት አሥርት ዓመታት በላይ ያስቆጠረው ይህ ድርጅት በመንግሥት እጅ ቆይቶ፣ እ.አ.አ በ2013 ሙዚቀኛው ቦብ ጌልዶፍ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት ኤይት ማይልስ የተባለ የኢንቨስትመንት ተቋም ከኢትዮጵያዊ ባለሀብት ጋር በመሆን ገዝቶታል። ጉደርና አክሱሚት የተባሉት ቀይ ወይኖቹ በሰርግና በልደት ግብዣ ላይ ያልቀረቡበት የአዲስ አበባ ቤት ጥቂት ነው።

የባቱው ማሳ ታሪክ የሚጀምረው እ.አ.አ በ2007 ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ባለቤት የሆነው የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በሐይቁ አካባቢ መሬት ወስዶ ከመቶ ሄክታር በላይ በሆነ ማሳ ላይ ከቦርዶ የመጡ ችግኞችን ተከለ። ሐሳቡ የመነጨው ከቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ከመለስ ዜናዊ እንደሆነ በወቅቱ ተዘግቦ ነበር። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉት ዝርያዎች ተመረጡ። ቦታው የተፈለገበት አንዱ ምክንያት አሸዋማ አፈሩ ነው። ወይን እግሩ በውሃ ውስጥ እንዲቆም አይወድም፤ ውሃ ቶሎ የሚያሰርግ አፈር ይስማማዋል። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ሪፍት ቫሊና አካሽያ በሚል ስም ገበያ ላይ የዋሉት እ.አ.አ በ2014 ነው።

በፋብሪካው ውስጥ

ስለ ጉብኝት አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። በምሥራቅ አፍሪካ የወይን ጠጅ ፋብሪካዎች በር ላይ ደርሶ ደወል መደወል ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ቀደም ብሎ ስልክ መደወልና ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል፤ በተለይ እሁድ ዝግ ሊሆኑ ስለሚችሉ ለቅምሻው ቅዳሜን መመደብ የተሻለ ነው።

በውስጥ የሚታየው የሥራ ሂደት ጠጅ ጥሎ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም። የተለቀመው ዘለላ ከቅንጣቢው ተለይቶ ይፈረጣል፤ ጭማቂው በትልልቅ ብረት ጋኖች ውስጥ ይገባል፤ እርሾ ስኳሩን እየበላ ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። በቀይና በነጭ መካከል ያለው ልዩነት ብዙዎች እንደሚያስቡት የፍሬው ቀለም ብቻ አይደለም። የአብዛኞቹ ጥቁር ወይኖች ጭማቂ ነጭ ነው ማለት ይቻላል። ቀይ ወይን ቀይ የሚሆነው ጭማቂው ከልጣጩ ጋር አብሮ ስለሚፈላ ነው። ነጩ ግን ከመፍላቱ በፊት ከልጣጩ ይለያል። ከልጣጩና ከፍሬው ዘር ደግሞ ከቀለም ሌላ ታኒን የሚባለው አፍን የሚያደርቅ ንጥረ ነገር ይወጣል። ወተት የሌለበት፣ በጣም የከረረ ሻይ ሲጠጣ ድድና ምላስን የሚሰበስበው ያው ታኒን ነው።

የጠጅና የወይን ጠጅ መንገድ የሚለያየው ከዚህ በኋላ ነው። ማር፣ ውሃና ጌሾ ተቀላቅለው የሚጣሉት ጠጅ በትኩስነቱ የሚወደድ ነው። ወይን ጠጅ ግን፣ በተለይ ቀዩ፣ ወራትን ምናልባትም ዓመታትን በጋን ወይም በኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ ያሳልፋል። የበርሜሉ እንጨት ታኒኑን ያለሰልሰዋል፤ የራሱንም ጠረን ያበድረዋል። ፋብሪካ ውስጥ የበርሜል ክፍል ካለ፣ ቀዝቃዛውና ጭለምለም ያለው እሱ ነው። ከስምጥ ሸለቆው ሙቀት ለገባ ሰው እረፍት ይሰጣል።

መቅመስ ማለት መጠጣት አይደለም

ብዙ ጎብኚ ደስታውን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። አምስት ብርጭቆ ይቀርብለታል፤ አምስቱንም ጨልጦ «ሁሉም ጥሩ ነው» ብሎ ይወጣል። ቅምሻ የራሱ ሥርዓት አለው። ኢትዮጵያውያን ይህን ከማንም መማር አያስፈልገንም ነበር፤ ቡና ቀማሾቻችን በየቀኑ ይሠሩታልና። ቡና ቀማሽ ያሸታል፤ በማንኪያ በኃይል ይስባል፤ በአፉ ውስጥ ያዳርሰዋል፤ ከዚያ ይተፋዋል። ስንት ሲኒ እንደሚያልፍበት ያየ ሰው ለምን እንደሚተፋ አይጠይቅም። በወይን ማሳም እንደዚያው ነው። በጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ባዶ ማሰሮ ወይም ባልዲ ለዚህ ነው፤ መትፋትም ነውር አይደለም።

መጀመሪያ ዓይን ነው። ብርጭቆው ከሲሶው በላይ አይሞላም፤ ጋደል አድርጎ በነጭ ወረቀት ላይ ማየት ነው። አዲስ ቀይ ወይን ዳር ዳሩ ሐምራዊ ይመስላል። አማርኛ ይህንኑ ቀለም «ወይን ጠጅ» ብሎ መጥራቱ ያለ ነገር አይደለም። ወይኑ እየቆየ ሲሄድ ወደ ሸክላ ቀለም ያዘነብላል። ነጩ በተቃራኒው ዕድሜ ሲጨምር ይጠቁራል፤ ከገለባ ወደ ወርቅ ይሄዳል።

ቀጥሎ አፍንጫ ነው። ብርጭቆውን በእርጋታ ማሽከርከር ጠረኑ እንዲነሳ ያደርጋል። የባለሙያዎች መጻሕፍት እዚህ ላይ የሚጠሯቸው የአውሮፓ ፍሬዎች ብዙዎቹ በእኛ ጓሮ የሉም። እነሱን ለማግኘት መጨነቅ አያስፈልግም። እንጆሪ፣ ሎሚ፣ የደረቀ ቅመም፣ ያረጀ ቆዳ፣ ከዝናብ በኋላ ያለ አፈር፤ አፍንጫ ያስታወሰው ሁሉ ትክክል ነው። የኮምጣጤ ወይም የሻገተ እርጥብ ካርቶን ጠረን ካለ ግን ጠርሙሱ ተበላሽቷል፤ ሌላ እንዲከፈት መጠየቅ መብት ነው።

ከዚያ በኋላ ምላስ ይመጣል። ትንሽ ተጎንጭቶ ለጥቂት ሰከንድ አፍ ውስጥ ማቆየት ነው። ጣፋጭነቱ መጀመሪያ ይታወቃል። ጎምዛዛነቱን የሚነግረው ምራቅ ነው፤ አፍ ውሃ ከሞላ ከፍተኛ ነው። ታኒኑ ድድን ያደርቃል። አልኮሉ ጉሮሮን ያሞቃል። ከተዋጠ ወይም ከተተፋ በኋላ ጣዕሙ ምን ያህል እንደሚቆይ መቁጠር ደግሞ ስለ ጥራቱ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ይናገራል።

ቅደም ተከተሉ ከነጭ ወደ ቀይ፣ ጣፋጩ መጨረሻ ነው። ሙቀቱም ያለ ምክንያት አይመረጥም። ነጩ ከ8 እስከ 12፣ ቀዩ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ይመረጣል። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል» የሚለው አባባል የተወለደው በቀዝቃዛ የአውሮፓ ቤቶች ውስጥ ነው። በባቱ ቀትር ላይ የክፍል ሙቀት 28 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሙቀት የቀረበ ቀይ ወይን ከአልኮሉ ሽታ ሌላ ምንም አይሰጥም። ስለዚህ ቀዩም ለጥቂት ደቂቃ በረዶ ውስጥ ይቀመጥልኝ ማለት አላዋቂነት አይደለም።

ስለ ምግብ አንድ ነገር እናንሳ። የውጭ ባለሙያዎች ኢትዮጵያውያን ጣፋጭ ወይን ይወዳሉ ሲሉ አንዳንዴ በንቀት ነው። ነገር ግን በርበሬ የበዛበት ዶሮ ወጥ ከደረቅና ታኒኑ ከበዛ ቀይ ወይን ጋር ሲገናኝ ቃጠሎው ይብሳል፤ አልኮሉም ያባብሰዋል። ጣፋጭነት ግን ያበርደዋል። ዶሮ ወጥን በጠጅ የሚበላ ሕዝብ ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ደረቁ ነጭ ወይን ደግሞ ቦታውን የሚያገኘው በሐይቁ ዳር ነው፤ ሎሚ የተጨመቀበት የቆሮሶ ጥብስ ይስማማዋል።

ሐይቁ

ቆሮሶው የሚወጣበት ሐይቅ ግን ታሞ ነው። የወይን ማሳ ጎብኝቶ ስለዚህ አለመጠየቅ ግማሹን ጉብኝት ትቶ መመለስ ነው።

የዝዋይ ወይም የደምበል ሐይቅ ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከአሥር ሜትር አይበልጥም። የመቂና የቀጠር ወንዞች ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ወንዝ ከእሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ሐይቅ ይፈስሳል። ከሐይቁ ላይ በትነት የሚጠፋው ውሃ በቀጥታ ከሚዘንብበት በእጅጉ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ገበታ የመሰለ ሐይቅ ትንሽ ሲቀነስበት ብዙ ይሸሻል።

ከሐይቁና ከገባሮቹ ደግሞ ብዙ ይቀነሳል። የአበባ እርሻዎች፣ በሺዎች የሚቆጠሩ በፓምፕ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ አነስተኛ ገበሬዎችና የባቱ ከተማ ራሷ ከዚሁ ሐይቅ ይጠጣሉ። የወይን ማሳውም በደረቁ ወራት መስኖ ያሻዋል። ከዚህ ላይ የማዳበሪያና የጸረ ተባይ ኬሚካል እጣቢ፣ እንዲሁም በጣና የምናውቀው እምቦጭ ይጨመራል። በቡልቡላ በኩል የሚደርሰው ውሃ በመቀነሱ ከታች ያለው አብያታ ክፉኛ ሸሽቷል፤ ለዚያ ግን የራሱ የአብያታ ውሃ ለሶዳ አመድ ምርት መሳቡም ድርሻ አለው።

ይህን ሁሉ በወይን ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም። ወይን ከአትክልትና ከአበባ ጋር ሲነጻጸር ውሃ የሚቆጥብ ተክል ነው፤ እንዲያውም ጥሩ ወይን ጠማቂ ውሃ የሚነፍገው ሆን ብሎ ነው፤ የተጠማ ተክል ፍሬው ትንሽ፣ ጣዕሙ የጠነከረ ይሆናልና። የጎብኚው ጥያቄ ቀላል ነው። ውሃው ከየት ይመጣል? በጠብታ ነው ወይስ በጎርፍ? ጋን የታጠበበት ውሃ የት ይሄዳል? በሌሎች አገሮች ያሉ ጥሩ የወይን እርሻዎች እነዚህን ጥያቄዎች በኩራት ይመልሳሉ። የሚያንገራግር ካለ እሱም መልስ ነው።

ስለ ሠራተኞችም መጠየቅ ይገባል። የወይን ንግድ ታሪክ ንጹሕ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ አውራጃ «ዶፕ» በሚባለው ሥርዓት የወይን እርሻ ሠራተኞች ከፊል ደሞዛቸውን በርካሽ ወይን ጠጅ ይከፈሉ ነበር። ሥርዓቱ በሕግ ከታገደ ቆይቷል፤ የተወው ጠባሳ ግን አልጠፋም። በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ በአልኮል የተጎዱ ሕፃናት ቁጥር በዓለም ከፍተኛ ከሆነባቸው ቦታዎች አንዱ ያ አካባቢ ነው። በእኛ አካባቢ የሚለቅሙት፣ የሚገርዙትና ጠርሙስ የሚደረድሩት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። የቀን ሒሳባቸው ከአንድ ጠርሙስ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምን ያህል እንደሆነ ጠይቆ ማወቅ ይቻላል።

በባቡር ወደ ዶዶማ

ከአዲስ አበባ ርቀው የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ሌላ ምርጫ አላቸው። በታንዛኒያ እ.አ.አ በ2024 አጋማሽ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ዳሬ ሰላምን ከዶዶማ ጋር አገናኝቷል። በአውቶቡስ ስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስድ የነበረው መንገድ ወደ አራት ሰዓት ገደማ ወርዷል። ሾፌር የማያስፈልገው የወይን ጉዞ በአካባቢያችን ቢኖር ይህ ነው።

ዶዶማ የአገሪቱ ዋና ከተማ እንድትሆን የተወሰነው እ.አ.አ በ1973 ሲሆን፣ መንግሥት በእርግጥ ጓዙን ጠቅልሎ መግባት የጀመረው ግን ከ2016 ወዲህ ነው። ወይኑ ከመንግሥት ቀድሞ ደርሷል። የኢጣሊያ ሚስዮናውያን ለቅዳሴ የሚሆናቸውን ወይን ለማግኘት ችግኝ ያመጡት በ1950ዎቹ መጨረሻ ነበር። ሞቃትና ከፊል በረሃ የሆነው መሬት ተስማማው። ዶዶማ በዓመት ሁለት ጊዜ ወይን ይለቀምባታል፤ አንዱ በየካቲትና በመጋቢት አካባቢ፣ ሌላው በነሐሴና በመስከረም ገደማ። ማኩቱፖራ የሚባለው ቀይ ዝርያ ስሙን ያገኘው እዚያው ካለ የምርምር ጣቢያ ሠፈር ነው።

ከባቱ የሚለየው ዋና ነገር ባለቤትነቱ ነው። በዶዶማ ወይኑን በብዛት የሚያለሙት በጥቂት መሬት ላይ የሚሠሩ አነስተኛ ገበሬዎች ናቸው። ዕጣ ፈንታቸውም ከባድ ነው። ወይን ከተለቀመ በኋላ የሚታገሠው ለቀናት ብቻ ነው። ፋብሪካዎቹ ጋናቸው ሞልቶ «በቃን» ሲሉ ፍሬው ማሳው ላይ ይበሰብሳል። መፍትሔ ሆኖ የመጣው አንዱ መንገድ ገበሬዎች ወይም ማኅበራት ፍሬውን ራሳቸው ጨምቀው፣ በስዋሂሊ «ምቹዚ ዋ ዛቢቡ» ማለትም «የወይን መረቅ» የሚሉትን ማዘጋጀትና ጊዜ ገዝተው ለጠማቂዎች መሸጥ ነው። መንግሥትም ከአገር ውስጥ ፍሬ በተጠመቀ ወይን ላይ የሚጥለውን ግብር ከውጭ ከሚገባው በጣም ዝቅ አድርጎታል። እንዲያም ሆኖ በዳሬ ሰላምም ሆነ በናይሮቢ የመደብር መደርደሪያዎችን የሞላው የደቡብ አፍሪካ ወይን ነው። ዶዶማ ሄዶ የገበሬን ወይን በቦታው መግዛት እንግዲህ ከሽርሽር ትንሽ ይበልጣል።

የዶዶማ ወይን ከባቱው ጋር ሲነጻጸር ሻካራ ነው ማለት ይቻላል። ደረቅ የሆኑት ነጮች፣ በተለይ ከሼኒን ብላን ዝርያ የሚጠመቁት፣ ከቀዮቹ ይሻላሉ።

ኬንያ ውስጥ ምርጫው ጠባብ ነው። ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ናይቫሻ ሌሌሽዋ የሚል ስያሜ ያለው ወይን ይመረታል። ስሙ በስምጥ ሸለቆው ከሚበቅል መዓዛማ ቁጥቋጦ የተወሰደ ነው። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ሟቹ ሪቻርድ ሊኪም ከናይሮቢ ወጣ ብለው ሸለቆውን ቁልቁል በሚያይ ከፍታ ላይ ፒኖ ኗር የተባለውን አስቸጋሪ ዝርያ ተክለው ይጠምቁ ነበር።

ማን ይነዳል?

ለአንድ ሰው በቅምሻ ጊዜ 50 ሚሊ ሊትር የሚሆን አምስት ብርጭቆ ቢቀርብለት፣ በድምሩ የአንድ ጠርሙስ ሲሶ ነው። አልኮሉ 13 በመቶ ከሆነ 25 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል ጠጥቷል ማለት ነው። በባዶ ሆድና በሙቀት ይህ ትንሽ አይደለም። ከባቱ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ይቅር አይልም፤ ከመንገዱ ሲወጡ ደግሞ ከብትና ባጃጅ አለ። የማይጠጣ ሾፌር መያዝ ወይም እዚያው ማደር እንጂ «ትንሽ አርፌ እነዳለሁ» የሚባል ነገር አይሠራም። ሰውነት አልኮልን የሚያስወግደው በራሱ ፍጥነት ነው፤ ቡና አያፋጥነውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ በ2023 ባወጣው መግለጫ ለጤና ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ቀይ ወይን ለልብ ይበጃል የሚለው የቆየ ወሬ ዛሬ ያን ያህል ጠበቃ የለውም። በኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጦችን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅን ከልክሏል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም እንዲሁ።

የማይጠጣ ሰው ግን ከዚህ ጉዞ አይቀርም። ማሳው፣ ግረዛው፣ የበርሜሉ ክፍልና የጠማቂዎቹ ጨዋታ ለጾመኛውም ለሙስሊሙም ክፍት ናቸው፤ ለቀማ ላይ ከተደረሰ ደግሞ ከሐረጉ ላይ በእጅ ተቆርጦ የተበላ የወይን ፍሬ ከተጠመቀው የሚያንስ አይደለም። በጾም ወቅት ለመሄድ ያሰበ ሰው የምግቡን ነገር አስቀድሞ ይንገር፤ በቅምሻ ላይ ከዳቦ ጋር የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ አይብ ነው።

በባቱ እሁድ ጠዋት የሚቀረው ጀልባ ነው። በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። ከእነሱ ትልቁ በሆነው በቱሉ ጉዶ የደብረ ጽዮን ገዳም ይገኛል። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚህ እንደቆየች ይነገራል። በደሴቶቹና በዳርቻው የሚኖሩት የዛይ ሰዎች ከስልጤና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ለዘመናትም ከዓሣ ጋር በተራራው ገደል ላይ እርከን ሠርተው ሲያርሱ ኖረዋል። ወደ ቱሉ ጉዶ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ስለሚነሳና ሐይቁ ስለሚናወጥ ጀልበኞቹ በማለዳ መውጣትን ይመርጣሉ።